መጀመሪያ አንብቡለት

ለአንደኛ ደረጃ የቋንቋ መምህራን ሥልጠና መዝጊያ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «አጠር ያለች ንግግር ያድርጉልን» ነበር ያሉኝ። እሺ አልኩ። ኋላ የተላከልኝን መርሐ ግብር ስከፍት ርዕሴ ተጽፎ ጠበቀኝ፤ «የተማሪዎችን የመጻፍ ክሂል ለማዳበር የሚረዱ ልዩ ልዩ ስልቶች»። ልዩ ልዩ ስልቶችንማ ሰሞኑን ጠግባችሁ ሰምታችኋል። ስላይዱም በየስልካችሁ ገብቷል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝና እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ይዤ ነው። ሌላውን ለወጉ ያህል ነካ ነካ አደርገዋለሁ።

የያዝኩት ነገር ይኼ ነው። ልጆች የራሳቸውን ገጠመኝ ጽፈው ሲሰጡን አናነብላቸውም። እናርማለን እንጂ አናነብም።

አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ ቅር እንዳላችሁ ይታየኛል። «ሳናነብ እንዴት እናርማለን?» ትሉኛላችሁ። ይቻላል። ሁላችንም የተካንበት ሙያ ነው። ዐይን ፊደል ፊደሉን ይዞ ይወርዳል። እጅ ያከብባል። አራት ነጥብ የጎደለበት ላይ ጣል ይደረጋል። ከታች ማርክ ይጻፋል። ቀጣዩ ደብተር! የመጨረሻው ደብተር ተዘግቶ «ያ ልጅ ስለምን ነበር የጻፈው?» ብትባሉ ግን መልስ የላችሁም። እንደ ትራፊክ ፖሊስ ጥፋት ፍለጋ ነዋ የቆምነው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

አንድ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ትምህርት እከታተል ነበር። ትምህርት ቤቱን አልናገርም፤ የትም ቢሆን ያው ነው። ሰሌዳው ላይ «የዕረፍት ጊዜዬን እንዴት አሳለፍኩ?» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ። መምህሯ ጎበዝ ናት። ክፍሉን ይዛዋለች፤ ልጆቹም ይወዷታል። ይኼን የምለው ነገሩን በክፉ መምህር ላይ ለጥፋችሁ እንዳትገላገሉት ነው።

ከፊቴ ያለው ልጅ መጻፍ ሳይጀምር ለጎረቤቱ በሹክሹክታ አንድ ነገር ያወራል። ጣቱን ወደ ላይ ወደ ታች እያስኬደ «ዝዝዝ፣ ዝዝዝ» ይላል። ከዚያ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ የሆነ ነገር ያቀፈ መስሎ ያሳየዋል። ጎረቤቱ ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ይዟል። «ወሬ አቁሙ፣ ጻፉ!» ተባለ። ልጁ ጻፈ። ደብተሩ ሲሰበሰብ አየት አደረግኩት። እንዲህ ይላል፦

«የቦርሣየ ዚፕ ተበላሸ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሲከፈት ሲዘጋ ድምፁን ለመስማት ብየ ነው። አሁን ቦርሣየን አቅፌ ነው የምሄደው። እማየ ቦርሣህን ወደድከው አለችኝ። ዝም አልኩ።»

ይኸው ነው። ስድስት ዐረፍተ ነገር።

እስቲ ይኼን ጽሑፍ ለአፍታ እንየው። «አዘንኩ» አላለም። «ተጸጸትኩ» አላለም። «ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር» አላለም፤ ተመስገን ነው! የሆነውን ብቻ ነገረን። ዚፑን ሰብሯል፤ ምስጢሩን ደረቱ ላይ አቅፎ ይዞራል፤ እናቱ ደግሞ ፍቅር ነው ብላ አስባለች። ዝም አለ፤ እዚያው ላይ አቆመ። የት ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ጸሐፊ ስንት ነው? እኔ ራሴ ዛሬ የት እንደማቆም እርግጠኛ አይደለሁም።

ደብተሩ ተመለሰ። «ቦርሣ» ተከብቦ «ቦርሳ» ተብሏል። «ብየ» እና «እማየ» ላይ «ዬ» ተደርቧል። ጠርዙ ላይ «ከርዕሱ ወጥተሃል» የሚል አለ። ከታች 4 ከ10።

ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ እዚያው ክፍል ተመልሼ ገባሁ። ልጁን ደብተሩን ጠየቅኩት፤ ሰጠኝ። አዲሱ ርዕስ «ጓደኛዬ» ነው። «ጓደኛ በጣም ጠቃሚ ነው። ጓደኛ በችግር ጊዜ ይረዳል። ስለዚህ ሁላችንም ጥሩ ጓደኛ ሊኖረን ይገባል።» 9 ከ10። «በርታ!» የምትል ነገርም አለችበት፤ ከሥሯ ሁለቴ ተሰምሮባታል።

ያ አፉን ይዞ ይስቅ የነበረው ጎረቤቱ አሁንም አጠገቡ ተቀምጧል። ጽሑፉ ውስጥ ግን የለም።

ልጁ ተምሯል እኮ! ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ቶሎ ነው የገባው። የራሱን ሲጽፍ አራት። የማንም ያልሆነውን ሲጽፍ ዘጠኝ። ይኼን ትምህርት በየትኛው ዩኒት ነው ያስተማርነው? የትኛው የመምህር መምሪያ ላይ ነው ያለው? የትም የለም። በቀይ እስክሪብቶ ነው ያስተማርነው። «ይገባል፣ ይገባል፣ ይገባል»! በዘጠኝ ዓመታቸው ቃለ ጉባኤ የሚጽፉ ልጆች እያፈራን ነው። ከዚያ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ «ትውልዱ መጻፍ አይችልም» ብለን ስብሰባ እንጠራለን።

አንዳንዴ ደግሞ የምሰማው ሌላ ነገር አለ። «ልጆቹ የሚሉት የላቸውም፤ ብትጠይቃቸውም ሁለት ቃል ነው የሚመልሱት» ይባላል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ነገር ላንሣ። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ዊልያም ላቦቭ የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ ነበር። በ1969 ያሳተመው አንድ ጥናት ውስጥ ስለ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ይተርካል። ልጁ በኒውዮርክ ከተማ ሃርለም በሚባለው ሰፈር ነው የሚኖረው። ጠያቂው እዚያው ሃርለም ያደገ፣ ሰፈሩንም ልጆቹንም ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ያም ሆኖ ልጁ አይናገርም። «አዎ»፣ «አይ»፣ «እኔ እንጃ»፤ በቃ። የዚህን ቃለ መጠይቅ ጽሑፍ ብቻ ያነበበ ሰው «ይህ ልጅ ቋንቋ የለውም» ብሎ ይደመድማል። ብዙዎችም ደምድመው ነበር።

ላቦቭና ባልደረቦቹ ግን ልጁን ተዉትና ሁኔታውን ቀየሩ። ጠያቂው በሚቀጥለው ጊዜ የድንች ቺፕስ ይዞ መጣ። የልጁን የልብ ጓደኛ አብሮ አመጣው። ከወንበሩ ወርዶ ከልጆቹ እኩል መሬት ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ፊት የማይነሡ ወሬዎችንም ራሱ ጀመረ። ያ ዝምተኛ ልጅ ከጓደኛው ጋር ወሬ መሻማት ጀመረ! አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበላል። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ጠያቂውም ያው ሰው። የተለወጠው «ይኼ ሰውዬ ሊፈትነኝ ነው የመጣው» የሚለው ስሜት ነው።

ቺፕስ ግዙ እያልኳችሁ አይደለም። (በጀት እንደሌለ አውቃለሁ።) ግን ልብ በሉልኝ፤ ባለ ዚፑ ልጅ ለጎረቤቱ ሲያወራ ሙሉ ታሪክ ነበረው። ድምፅ ነበረው፤ እንቅስቃሴ ነበረው፤ ሰሚ ነበረው። እኛ «ወሬ አቁሙ፣ ጻፉ» አልነው። ወሬውኮ ጽሑፉ ነበር! ረቂቁን ነው ያስቆምንበት።

ይኸው ላቦቭ ከባልደረባው ከዋሌትዝኪ ጋር በ1967 ያወጡት ሌላ ጥናት አለ። ተራ ሰዎች የደረሰባቸውን በቃል ሲተርኩ ነገሩን እንዴት እንደሚያዋቅሩት ያዩበት ነው። ማን፣ የት፣ መቼ ይላሉ፤ ከዚያ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ከዚያ ይፈታል። ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አገኙ። ተራኪው «ታዲያ ምን ይጠበስ?» እንዳይባል በመሐል የነገሩን ክብደት ያሳያል። ለምን እንደሚተርከው ይጠቁማል። ይኼ ከሌለ ትረካው የድርጊት ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ የእኛ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ውስጥ ይኼ ነገር የት አለ? የለም። የልጁ ጽሑፍ ውስጥ ግን አለ። «ቦርሣህን ወደድከው አለችኝ» የምትለዋን አውጧትና ታሪኩ የዚፕ ብልሽት ሪፖርት ይሆናል።

አሁን ደግሞ ስለምወደው ሰው ላውራ። ሰዓቱን አይቻለሁ፤ አትጨነቁ።

ከ100 ዓመት በፊት ገደማ ፈረንሳይ ውስጥ ሴሌስተን ፍሬኔ የሚባል የገጠር መምህር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ላይ ቆስሏል። ጦርነቱ አልቆ በ1920 ባር-ሱር-ሉ በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ መንደር ማስተማር ጀመረ። ግን እንደ ሌላው መምህር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ቀኑን ሙሉ መለፍለፍ አልቻለም። ትንፋሹ ያጥረዋል። እንግዲህ መምህር ሆኖ መናገር ካቃተህ ምን ታደርጋለህ? ትሰማለሃ! ልጆቹን ይዞ ወደ ውጭ መውጣት ጀመረ። ሲመለሱ ያዩትንና የሆኑትን ያወራሉ፤ ያወሩት ይጻፋል።

በ1924 ትንሽ የእጅ ማተሚያ ክፍል ውስጥ አስገባ። ልጆቹ የጻፉትን ለክፍሉ ያነባሉ። ክፍሉ አንዱን ይመርጣል። የተመረጠው ሰሌዳ ላይ ይወጣና ከጻፈው ልጅ ጋር አንድ ላይ ሆነው ያቃኑታል። ከዚያ የብረት ፊደሎቹን በጣታቸው እየለቀሙ ይደረድራሉ፤ ያትማሉ። የታተመው በፖስታ ይላካል። ወዴት? በሌላኛው የፈረንሳይ ጫፍ፣ ብሪታኒ ውስጥ፣ ትሬገንክ ወደሚባል የባሕር ዳርቻ ትምህርት ቤት። እዚያ ያለው መምህርም ማተሚያ ነበረው፤ የእሱ ልጆችም የራሳቸውን ይልካሉ። የተራራ ልጆች ስለ ኑሯቸው ይጽፋሉ፤ የባሕር ልጆች ያነባሉ፤ መልሰው ይጽፋሉ።

እርማቱ የት ላይ እንደመጣ አያችሁ? ልጁ ጻፈ፤ አነበበ፤ ተሰማ፤ ተመረጠ። ፊደሉ የተቃናው ከዚያ በኋላ ነው። ያውም ምክንያት ኖሮት። ሩቅ ያለ፣ የማያውቀው ልጅ ሊያነበው ነው፤ እንዳይቸገርበት ያስተካክለዋል። የአጻጻፍ ሥርዓት ጥቅሙ እንዲህ ሲሆን ነው ለልጅ የሚገባው። «አራት ነጥብ ለምን ያስፈልጋል?» ለሚል ልጅ «ማርክ ይቀነስብሃላ!» የሚል መልስ ሰጥተን እንዴት አድርገን ነው ጽሑፍ የምናስወድደው?

ደግሞ ማተሚያ የለንም አትበሉኝ! አንድ ነጭ ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ መጽሐፍ ነው። ጎረቤት ክፍል ለልጅ ሩቅ አገር ነው። የሦስተኛ «ሀ» ጽሑፍ ወደ ሦስተኛ «ለ» ይሂድ። እነሱም ይመልሱ። በጀት አይጠይቅ፣ ደብዳቤ አይጠይቅ፣ ኮሚቴ አይጠይቅ!

«ሰዋስው ሳናስተምርስ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ሁልጊዜም አለ። በ1963 የአሜሪካ የእንግሊዝኛ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤት ያሳተመው አንድ ግምገማ ነበር። ብራዶክና ሁለት ባልደረቦቹ ነበሩ ያዘጋጁት፤ እስከዚያ ድረስ በጽሑፍ ትምህርት ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው ፈተሹ። ሰዋስውን ለብቻው ነጥሎ ማስተማር የልጆችን ጽሑፍ በማሻሻል በኩል የሚፈይደው ከቁጥር የሚገባ አይደለም አሉ። እንዲያውም መጻፊያ ጊዜያቸውን ስለሚሻማ ሊጎዳቸው ይችላል ሲሉ ጨመሩ። ይኼ ከተባለ 60 ዓመት አልፎታል። እኛ ግን ዛሬም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን ባለቤትና ተሳቢ እያስመርን ነው።

ሰዋስው ይቅር አላልኩም። ቦታውን ይወቅ ነው የምለው።

እሺ፤ ስልት ማውራቱ አልቀረልኝም። ታዲያ ሰኞ ክፍል ስንገባ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ያውሩት። ሁለት ሁለት ሆነው፣ ለጥቂት ደቂቃ። ሰሚው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ። ይኼን ያደረገ ልጅ እስክሪብቶ ሲያነሣ ባዶ ወረቀት ላይ አያፈጥም፤ ቅደም ተከተሉ አፉ ላይ አለ። ትንንሾቹ ይሣሉት። ሥዕሉ ማስጌጫ አይደለም፤ ዕቅዳቸው ነው። ቦርሳውን የሣለ ልጅ ዚፑ የቱ ጋ እንደተላቀቀ ያስታውሳል።

ርዕሱን አጥብቡላቸው። «ዕረፍቴ» ለእኔም ይሰፋኛል። «ከዕረፍትህ ውስጥ አንዷን ጊዜ ምረጥና እሷን ብቻ ንገረኝ» በሉት። ልጅ ስለ ትንሽ ነገር ሲጽፍ ነው ብዙ የሚለው።

ከዚያ አንብቡለት። እስክሪብቶውን አስቀምጡና አንብቡ። ይኼ ነው የመጣሁበት ጉዳይ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንብባችሁ ስትጨርሱ እንደ ሰው መልሱለት። ምን እንደታያችሁ ንገሩት፤ ማወቅ የፈለጋችሁትን ጠይቁት። ሌላ ነገር አትጨምሩ። ለዚያ ልጅ እኔ ብሆን ጠርዙ ላይ እንዲህ ብዬ እጽፍለት ነበር፦ «ቦርሳህን አቅፈህ ስትሄድ ታየኝ። ዚፑ ሲከፈት ድምፁ እንዴት ያለ ነበር? እማዬ እስካሁን አላወቀችም?»

እዚህች መልስ ውስጥ ምን እንዳለ ተመልከቱ። «ቦርሳ» በትክክል ተጽፏል። «እማዬ» በትክክል ተጽፏል። ልጁ መልሱን ደጋግሞ ያነበዋል፤ ስለ እሱ ስለሆነ። ፊደሉንም እዚያው ያየዋል። ክብ አላስፈለገም። ደግሞም ለጥያቄው መልስ ልጽፍ ብሎ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ረቂቅ ማለት ይኸው ነው። «እንደገና ጻፈው» ብላችሁ ከምታዙት ይኼ ይሻላል። እንደገና ጻፍ የተባለ ልጅ ያንኑ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ገልብጦ ነው የሚያመጣላችሁ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

«ክፍሉ ጢም ያለ ነው፣ ለስንቱ እንመልሳለን?» ልክ ናችሁ። ለሁሉም በአንድ ቀን አትችሉም፤ አትሞክሩትም። ዛሬ ለዚህ ረድፍ፣ ነገ ለዚያኛው። ሌሎቹ እርስ በርስ ይነባበቡ። ክብ የምታከብቡበትን ጊዜ እኮ ከየት አመጣችሁት? እሱኑ ጊዜ ነው የምጠይቃችሁ።

እርማቱ ከዚያ ይምጣ፤ አንድ በአንድ። ብዙ ልጆች «ብየ» እያሉ ከሆነ አንድ ቀን «ዬ»ን ሰሌዳ ላይ አውጡት፤ ከራሳቸው ዐረፍተ ነገር፣ ስም ሳይጠራ። ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» የመለየቱን ነገር ግን ለጊዜው ተዉት። እኛ ትልልቆቹ ያልጨረስነውን ክርክር ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ማርክ መቀነሻ ማድረግ ግፍ ነው።

ማካፈል ላይ ደርሻለሁ። እዚህ ላይ ደግሜ ልቆጣ ነው፤ ፍቀዱልኝ።

በ1983 ዶናልድ ግሬቭስና ጄን ሃንሰን የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች «የደራሲ ወንበር» ስለሚባል ነገር ጽፈው ነበር። የአንደኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር አለ። የጻፈው ልጅ እዚያ ይቀመጥና ያነባል፤ ሌሎቹ የሰሙትን ይነግሩታል፤ ይጠይቁታል። ወንበሩ የሁሉም ነው፤ ተራ ይዞ ነው የሚኬደው። ቀላል ነገር ነው አይደል?

እኛ ጋ ሲደርስ ምን ሆነ? ወንበሩ የጎበዞች ሆነ። ንባቡ የሚያምርለት፣ እጅ ጽሕፈቱ የሚያምርለት፣ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ብቻ ይነሣና ያነባል። ሌላው «አጨብጭቡለት» ይባላል። አጨብጭቦ ያድጋል።

የወላጆች ቀን ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። አንድ ልጅ መድረክ ላይ ይወጣል። «የማልረሳው ቀን» ይላል። ከዚያ «ከዚህም ባሻገር»፣ «በመሆኑም»፣ «ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው» እያለ ያነባል። የአራተኛ ክፍል ልጅ! መሐል ላይ አንድ ቃል ይይዘዋል። ማንበብ አቃተው። ወላጅ ፈገግ ይላል፣ «አይዞህ» ይባላል፤ ይጨበጨባል።

ቆይ! ማንበብ ያቃተውን ቃል እንዴት ጻፈው? ማነው የጻፈለት? ያ «የማልረሳው ቀን» የማን ቀን ነው? የልጁን ቀን ወስደን በራሳችን ቃል ለብጠን እንካ አንብብ አልነው። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱ ቃላት መድረክ ላይ እንደማይወጡ አወቀ። እባካችሁ የልጆችን ገጠመኝ አትጻፉላቸው! ወላጆችንም አስጠንቅቁ። ልጁ «ዝዝዝ» ካለ «ዝዝዝ» ይበል። ሁለት መስመር ከሆነ ሁለት መስመር ያንብብ። ታዳሚው ያልጠበቀው ነገር ቢሆን ይልመደው።

ማካፈል ግዴታ እንዳይሆን ደግሞ አደራ። ልጅ «ይኼን አላነብም» ማለት መብቱ ነው። ገጹን አጥፎ ከሰጣችሁ ለእናንተ ብቻ ነው ማለት ነው ብላችሁ ተስማሙ፤ ከዚያ ቃላችሁን ጠብቁ፤ መምህራን ክፍል ውስጥም የሻይ ወሬ አታድርጉት። ግን «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ አትማሉለት። ልጁ አንድ ሰው እየጎዳው እንደሆነ ከጻፈ ጉዳዩ የጽሑፍ ትምህርት መሆኑ አብቅቷል። እዚያው ቀን ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ ለልጆች ደኅንነት ኃላፊነት ላለበት ሰው ማድረስ አለባችሁ። ልጁን መርማሪ ሆናችሁ አታስጨንቁት፤ ረቂቁንም «ጥሩ ጽሑፍ ነው» ብላችሁ እንዳትመልሱለት። በተረፈ «በሕይወትህ ያዘንክበትን ቀን ጻፍ» የሚል ርዕስ ለክፍሉ ሁሉ አትስጡ። ማዘን የፈለገ ራሱ ይመርጠዋል።

አንድ ልጅ ሲያነብ ሌላው ቢስቅስ? ሊስቅ ይችላል። የሚያስቅ ከሆነ ይሳቅ። በልጁ ላይ ከሆነ ንባቡን አቁሙት፤ ንግግር አታብዙ፤ ቀጥሉ። ሰሚነትም የሚለመደው በመስማት ነው።

ስለ ቴክኖሎጂ እንድናገርም ተጠይቄ ነበር። የልጁን ድምፅ በስልክ ቀድቶ ለራሱ ማሰማት ጥሩ ነው፤ ሲያወራ የተወውን ነገር ራሱ ይሰማዋል። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። ስለ ምዘናም አንድ ገጽ አዘጋጅቼ ነበር፤ ተዉት፣ ስላይዱ ላይ አለ።

የመጨረሻው ነገር ለርዕሳነ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች ነው። ከፊት ስለተቀመጣችሁ ማምለጫ የላችሁም። መምህራኑ ለምን ያከብባሉ? እናንተ ስለምትቆጥሩት ነው! ደብተር ስትፈትሹ የምታዩት «ታርሟል ወይስ አልታረመም» የሚለውን ነው። ቀይ የበዛበት ትጉህ መምህር ይባላል። ጠርዙ ላይ «ድምፁ እንዴት ያለ ነበር?» ብሎ የጻፈ መምህር «ስሕተት እያየ አሳለፈ» ተብሎ ይጻፍበታል። መምህሩን እያስፈራራችሁ «ልጆችን አበረታታ» አትበሉት፤ ውሃ አይቋጥርም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይኼ ነው። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለገጠመኝ ይሁን፤ ማርክ የሌለበት። የዚያ ደብተር ለብቻው ይሁን፤ ፍተሻ ውስጥ አይግባ። ስትገቡም ከደብተሩ በፊት ልጁን ጠይቁት፤ «የጻፍከውን ማን አነበበልህ? ምን አለህ?» በሉት። መልስ ካለው መምህሩ ሥራውን ሠርቷል። የምትሞሉት ፎርም ላይ «የታረሙ ደብተሮች ብዛት» የምትለውን ሣጥን ለዚህ ክፍለ ጊዜ ባዶ መተው ትችሉ እንደሆነ ዛሬውኑ ንገሩን። ለሻይ ከመውጣታችን በፊት እጃችሁን ብታወጡ ቃለ ጉባኤ ያዡ ይጽፈዋል።

አመሰግናለሁ። እሺ፣ ከቀኝ በኩል እንጀምር፤ እርስዎ ምን ይላሉ?